የቅኔ ቤት ዳኝነትና የከተማ ቴያትር ሒስ፤ ከቢቸናና ከሞጣ አገር ልማድ ጋራ የተደረገ ማነጻጸሪያ

መግቢያ

አዲስ ቴያትር በአዲስ አበባ መድረክ ላይ በወጣ ቁጥር ከተመልካቹ ጭብጨባ ቀጥሎ የተቺው ቃል ይመጣል። ቃሉ በጋዜጣ ይጻፍ፥ በራዲዮ ይነገር፥ ወይም በአዳራሹ ደጃፍ ይወራ፥ የደራሲውን ስም ከፍ ያደርጋል ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ ቴያትሩን ያላየው ሰው እንኳ በዚያ ቃል ተመርቶ ያደንቃል ወይም ይነቅፋል። ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ቃል በምን ሚዛን ተመዝኖ እንደሚነገር መጠየቅ ተገቢ መስሎ ስለ ታየን ይህን አጭር ጥናት ለባልንጀሮቻችንና ለመምህራኖቻችን እናቀርባለን።

ሚዛንን ለመመርመር ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል። እኛ የመረጥነው ከቢቸናና ከሞጣ አገር፥ ማለት ከምሥራቅ ጎጃም፥ በቅኔ ቤትና በአዝማሪ ዙሪያ የኖረውን የዳኝነት ልማድ ነው። «ቢቸናና ሞጣ በቴያትር ነገር ምን አገባቸው?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ ያገራችን ቴያትር ከመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ጀምሮ ከጎጃም ቅኔ ቤት ጋራ ዝምድና አለው። ሁለተኛ፥ የገጠሩ ሰው ዘወትር በከተማው መድረክ ላይ ይታያል፤ ስለ እርሱ ይጻፋል፥ በእርሱም ይሣቃል፤ የእርሱ ዳኝነት ግን አይጠየቅም። እንግዲህ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህን ነው፤ የከተማው ተቺ ከቅኔ ቤት ሊማራቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ከቅኔ ቤት ሊወርሳቸው የማይገቡም አሉ።

አገሩና ቅኔ ቤቱ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ፥ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የታወቁ የትምህርት ቦታዎች ባሉበት አገር ያልፋል። በቢቸና አቅራቢያ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም ይገኛሉ፤ የሞጣ ከተማም በእቴጌ ምንትዋብ ልጅ በወይዘሮ ወለተ እስራኤል ከተተከለው ከሞጣ ጊዮርጊስ ጋራ ስሟ የተያያዘ ነው። በዚህ አገር ያደገ ሰው፥ ካህን ባይሆንም እንኳ፥ ስለ ድርሰት የሚሰማው የመጀመሪያ ፍርድ ከቅኔ ቤት የወጣ ፍርድ ነው።

የቅኔ ተማሪ ግስና አገባብ እያጠና ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፤ ልኩ ከጎደለ መጕደሉን ይነግረዋል፤ አገባቡ ከተሳሳተ ያርማል፤ ሰሙ ከወርቁ ጋራ ካልገጠመም ያፈርስበታል። ጓደኞቹ ሁሉ በአጠገቡ ሆነው ይህን ይሰማሉ። ተማሪውም የፈረሰበትን ትቶ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። በበዓል ቀን ቅኔ በቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ ደግሞ ጆሮ ያለው ሁሉ ዳኛ ነው፤ የረቀቀውን «ይበል!» ብሎ ይቀበላል፤ ያልረቀቀውን በዝምታ ያሳልፋል። ያ ዝምታ ምን ማለት እንደ ሆነ ባለቅኔው አያጣውም።

ከዚህ ልማድ ሦስት ነገሮችን ለይተን እናወጣለን። አንደኛ፥ ሚዛኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ልክ፥ አገባብ፥ ምሥጢር የሚባሉት ነገሮች ለመምህሩም ለተማሪውም የጋራ ናቸው፤ ስለዚህ የተነቀፈው ሰው በምን እንደ ተነቀፈ ያውቃል። ሁለተኛ፥ ዳኛው ራሱ ባለሙያ ነው፤ የሌላውን ቅኔ የሚያፈርስ ሰው «እንግዲያስ እንዲህ ይባል» ብሎ ሌላ ሊዘርፍ ይችላል፤ የማይችል ከሆነ ቃሉ ዋጋ የለውም። ሦስተኛ፥ ፍርዱ በሠሪው ፊት ይነገራል፤ ሠሪውም ነገ የሚመለስበት ጉባኤ አለው። ወቀሳው ሰውየውን ለማባረር ሳይሆን ለነገው ቅኔ ነው።

አዝማሪውና እረኛው

ቅኔ ቤት የተማሩ ሰዎች ስፍራ ነው። ያልተማረው ሕዝብ ደግሞ የራሱ የዳኝነት መንገድ አለው። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ በሠርግ ቤት ወይም በጠጅ ቤት ሲገባ አድማጩ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። «ተቀበል!» ብሎ ከራሱ ልብ ያወጣውን ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ያንኑ ተቀብሎ በዜማው ያወርደዋል። ግጥሙ ካማረ ቤቱ ሁሉ ይሥቃል፤ ገንዘብም በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በዚህ ቤት አድማጩ ተቺም ደራሲም ነው፤ ደካማ ግጥም የሰጠ ሰውም እንደ ደካማ አዝማሪ ያፍራል።

ከዚህም ሌላ «እረኛ ምን አለ?» የሚባል የቆየ አነጋገር አለ። ገዢው ስለ አገዛዙ እውነቱን ማወቅ ሲፈልግ በዱር ከብት የሚጠብቀው ልጅ ምን እያለ እንደሚዘፍን ያስጠይቃል ይባላል። ነገሩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ሹመት የሌለው፥ ደመወዝ የማይቈረጥለት፥ ስሙም የማይታወቅ ልጅ የሚሰጠው ፍርድ ከባለሟሎች ምስጋና ይልቅ ይታመናል ማለት ነው። የጥሩ ሒስ አንዱ መሠረት በዚህ አነጋገር ውስጥ አለ፤ ከሚመሰግነው ሰው ምንም የማይጠብቅ ዳኛ ይፈለጋል።

የአዝማሪው ጥበብ ወደ ከተማ መድረክ ሲወጣ ግን ይህ ዳኝነት ከኋላው ቀርቷል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ዘፈንን፥ ጭፈራንና አጫጭር ጨዋታን በአንድ ምሽት አስተባብሮ ለሕዝብ ማሳየትን አስለመደ፤ እነ ኢዮኤል ዮሐንስን የመሰሉ ደራሲዎችም ለዚያ መድረክ ቴያትርም ዘፈንም ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ በግብጻዊው ተወላጅ በሐሊም ኤል ዳብህ መሪነት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲቋቋም፥ በየጠቅላይ ግዛቱ ለየብቻቸው ይጫወቱ የነበሩ የመሰንቆ፥ የክራር፥ የዋሽንትና የበገና ሰዎች በአንድ መድረክ ላይ ባንድነት ተቀመጡ። ሥራው ታላቅ ነው፤ ብዙ ጥበብ ከመጥፋት አድኗል። ነገር ግን አድማጩ በጨለማ አዳራሽ በተርታ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጨረሻ ላይ ብቻ ማጨብጨብ ግዴታው ሆነ፤ «ተቀበል» የሚል የለም። የጋዜጣው ተቺ የወረሰው ይህን ባዶ ስፍራ ነው፤ ዝም ያለው ሁሉ የተወለትን ቃል እርሱ ብቻውን ይናገራል። ስለዚህ ኀላፊነቱ ከባድ ነው።

በአዲስ አበባ የነበሩት ሦስት ዳኞች

ያገራችን ቴያትር ታሪክ ሲተረክ የመጀመሪያው ሥራ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ደራሲው በሩሲያ ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ፤ በ1910ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በቴራስ ሆቴል በመኳንንት ፊት ያሳዩት ጨዋታ በአውሬዎች ምሳሌ የጊዜውን አስተዳደር ጕድለት የሚነካ ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴያትሩ ታገደ። እንግዲህ ያገራችን የመጀመሪያው የቴያትር ተቺ ቤተ መንግሥት ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ያገዱት ሰዎች ቴያትሩን በሚገባ አንብበውታል። ሰሙን አልፈው ወርቁን አግኝተውታል፤ አውሬዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ገብቷቸዋል። መልሳቸው ግን መልስ ሳይሆን መዝጋት ሆነ።

ይህ የመጀመሪያው ዳኛ በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ ቆይቷል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንም ሆነ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ቴያትር መድረክ ላይ ሳይወጣ ጽሑፉ ለመርማሪ ይቀርብ ነበር። የዚህ ነገር ጕዳት ደራሲውን ማሰር ብቻ አይደለም፤ ተቺውንም ያስራል። ተቺው በቴያትሩ ውስጥ ያገኘውን ወርቅ ገልጦ ቢጽፍ ደራሲውን ለመርማሪ አሳልፎ የሰጠ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰሙን ብቻ እየተረከ ማለፍ ይመርጣል። ዛሬ የምናነባቸው አያሌ አስተያየቶች ታሪኩን ተርከው፥ የተዋንያኑን ስም ዘርዝረው፥ «ትምህርት ሰጪ ነው» ብለው የሚያቆሙበት አንዱ ምክንያት ከዚህ የወጣ ይመስለናል። ልማዱ መነሻው ከተረሳ በኋላም ይቀጥላል።

ሁለተኛው ዳኛ ጋዜጣ ነው። በ1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ሲመሠረት፥ ቀጥሎም እንደ «መነን» ያሉ መጽሔቶች ሲወጡ፥ በኋላም በደርግ ዘመን «የካቲት» መጽሔት ሲታተም፥ ስለ ድርሰትና ስለ ቴያትር የሚጻፍበት ገጽ ተገኘ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው፥ በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሥራውን ሲጀምር ለተቺው አዲስ ዓይነት ሥራ መጣለት። ሰፊ አዳራሽ፥ መብራት፥ መጋረጃ፥ ኦርኬስትራ አለ፤ ይህን ሁሉ የሚመዝን ቃል ግን ገና አልተዘጋጀም ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተከፈተው በ1970 ዓ.ም. ነው፤ ከአዳራሹ መከፈት እስከ ትምህርት ክፍሉ መከፈት 22 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በመካከሉ ተቺው ሚዛኑን ከሁለት ቦታ ይበደር ነበር፤ አንዱ የሥነ ምግባር ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው በውጭ አገር ያየው ወይም ያነበበው ቴያትር ነው። በመጀመሪያው ሚዛን ቴያትር ስብከት ይሆናል። በሁለተኛው ሚዛን ደግሞ የቀደሙት ደራሲዎች ሥራ «ንግግር ይበዛዋል፥ ድርጊት ያንሰዋል» ተብሎ ይነቀፋል። ነቀፋው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን እነዚያ ደራሲዎች በጆሮው ለሚፈርድ ሕዝብ ይጽፉ እንደ ነበር ይረሳል።

ለዚህ ማስረጃችን ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔ የጎጃም ሰው፥ የደብረ ኤልያስ ልጅ፥ ቅኔ አዋቂ ነበር። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ አስተማሪና የቴያትር ደራሲ ሲሆን የያዘውን ጆሮ ይዞ መጣ። በተማሪዎች የሚታዩትን ቴያትሮቹን ለመስማት የተሰበሰበው ሰው አረፍተ ነገሩ የት እንደሚታጠፍ፥ ቃሉ የት ሁለት እንደሚሆን የሚጠብቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ በአውሮፓ የድርጊት ሚዛን ብቻ መመዘን ማርን በክንድ እንደ መለካት ነው።

ሦስተኛው ዳኛ አዳራሹ ራሱ ነው፤ የሚሥቀው፥ የሚያለቅሰው፥ የሚያጨበጭበው ሕዝብ። በ1966 ዓ.ም. የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሀሁ በስድስት ወር» ሲታይ ሕዝቡ በብዛት የተሰበሰበው በጊዜው የሚሆነውን ነገር በመድረክ ላይ ሊሰማ ነው። ይህ ዳኛ ከሁለቱ ይልቅ ነጻ ነው፤ ግን አይጽፍም፤ ፍርዱም ከመጋረጃው መዘጋት ጋራ ይጠፋል።

የችኰላ ፍርድ አደጋ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 የሳሙኤል ቤኬት «ጎዶን መጠበቅ» በለንደን ሲታይ የዕለት ጋዜጣ ተቺዎች ግራ ተጋቡ፤ ቴያትሩ የቆመው በእሑድ ጋዜጦች የሚጽፉት ሃሮልድ ሆብሰንና ኬኔት ታይናን በጻፉት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ የሃሮልድ ፒንተር «የልደት በዓል» ከ8 ትርኢት በኋላ ተዘጋ፤ ሆብሰን ያመሰገነበት ጽሑፍ የወጣው ከተዘጋ በኋላ በነበረው እሑድ ነው። ፒንተር በኋላ የኖቤል ሽልማት ተቀባይ ሆነ። ከሁለቱ ነገሮች የምንረዳው፥ በአንድ ሌሊት ታይቶ በዚያው ሌሊት የሚጻፍ ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚመዝነው የተለመደውን ነገር ብቻ መሆኑን ነው። አዲሱን ለመመዘን ቀን ያስፈልጋል።

አርእስትን እንደ ቅኔ መስማት

የቅኔ ቤት ጆሮ ለተቺው ምን ሊጨምርለት እንደሚችል በወሬ ብቻ እንዳናልፍ፥ የታወቁ ቴያትሮችን አርእስት ወስደን እንሞክራለን። አርእስት ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ብቻ ናት።

የዮፍታሔን «አፋጀሽኝ» እንመልከት። የባላገር ሴት ስም ይመስላል፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ስም ለሴት ልጅ ሲወጣ የተለመደ ነው። ሰሙ የአንዲት ሴት ስም ነው። ወርቁ ግን ስለ እርሷ ሰዎች የሚፋጁባት አገር ናት። ይህን ያልሰማ ተቺ ቴያትሩን የሴት ታሪክ አድርጎ ይተርከዋል።

የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» ሌላ ምሳሌ ነው። «ጠለፈ» ማለት በመንጠቆ ያዘ፥ በመርፌ ጠለፈ፥ ሴት ልጅን በጉልበት ወሰደ ማለት ይሆናል። አርእስቱ የጠለፋን ጋብቻ ወደ ኪስ ከሚገባ ነገር ጋራ አጣምሮ ያሣቃል፤ ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ሴቲቱ እንደ ዕቃ መቈጠሯ ይታያል። ደራሲው የታወቁት የቅኔ መምህር የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። በእንግሊዝ አገር ተምሮ የመጣ ኮሜዲ ጸሐፊ ነው እየተባለ ሲነገር፥ የአባቱ ቤት ደግሞ ቅኔ ቤት እንደ ነበር አብሮ መነገር አለበት።

የጸጋዬ «የከርሞ ሰው» በ1958 ዓ.ም. የታየ ነው። በአውደ ዓመት ቀን በየቤቱ «የከርሞ ሰው ይበለን» ተብሎ ይመረቃል። ደራሲው ከምርቃቱ ላይ «ይበለን» የሚለውን ቈርጦ ጣለውና የቀረውን አርእስት አደረገው። ምርቃቱ የተቈረጠበት ሰው ከርሞን ያያልን? አርእስቱ ራሱ ጥያቄ ሆነ። ለዚህ ጥያቄ የውጭ አገር ትምህርት አያስፈልግም፤ የቢቸና ሽማግሌ መጋረጃው ሳይከፈት ይሰማዋል።

«ሀሁ በስድስት ወር» ደግሞ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ሀሁን በስድስት ወር የቈጠረ ልጅ ትጉ ነው ወይስ ሰነፍ? ስድስት ወር ሙሉ ተምሮ ገና በሀሁ ላይ ያለ ሕዝብ ሊመሰገን ነው ወይስ ሊወቀስ? አርእስቱ ሁለቱንም ይሸከማል። ይኸው ደራሲ በ1985 ዓ.ም. ገደማ በመድረክ ያወጣውን ሥራ «ሀሁ ወይም ፐፑ» ብሎታል። ፊደል የቈጠረ ሁሉ ሀ መጀመሪያ፥ ፐ መጨረሻ መሆኑን ያውቃል። ከፊት እንጀምር ወይስ ከመጨረሻው ላይ ነን? ብሎ የሚጠይቅ አርእስት ነው፤ ከመጀመሪያው ጋራ አያይዞ ካልሰሙት ግማሹ ይጠፋል።

በእነዚህ ምሳሌዎች ልናሳይ የፈለግነው ይህን ነው፤ ሰምና ወርቅን መለየት የቤተ ክህነት ዕቃ ብቻ አይደለም። ለዘመናዊ ቴያትርም የሚያገለግል የማንበቢያ መሣሪያ ነው፤ ያገራችን ተቺ ግን ከውጭ ከሚበደረው መሣሪያ ይልቅ አጥብቆ ሲይዘው አይታይም።

የባላገሩ መልክ በመድረክ ላይ

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ ደርሰናል። በከተማው መድረክ፥ በኋላም በራዲዮና በቴሌቪዥን ጨዋታ፥ ባላገር የሚባል አንድ የታወቀ ሰው አለ። ጋቢውን ደርቦ፥ ዱላውን ይዞ፥ ከተማ ገብቶ ይደናገራል፤ አነጋገሩ ተጐትቶ ይነገራል፤ አዳራሹም ይሥቃል። ብዙ ጊዜ የሚሣቀው በሚናገረው ነገር አይደለም፤ በሚናገርበት ድምፅ ነው። የጎጃም አነጋገር በዚህ በኩል ዕድሉ ጥሩ አይደለም። በዚያ አነጋገር ቅኔ እንደሚፈታ፥ ክርክር እንደሚሟገት፥ ልቅሶ እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው፥ ሣቁን ሲሰማ አብሮ ቢሥቅም እንኳ ልቡ ይጠይቃል። የተቺው ዝምታ በዚህ ጊዜ ፍርድ ነው። «ተዋናዩ የባላገሩን ሰው ጥሩ አድርጎ ተጫውቷል» ብሎ ሲጽፍ፥ ጥሩ አድርጎ የተጫወተው ሰውየውን ነው ወይስ የከተማውን ሰው ግምት? ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ጥያቄ በሌላ አገርም ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 በደብሊን ከተማ በአቢ ቴያትር የጆን ሲንግ «ዘ ፕሌይቦይ ኦፍ ዘ ዌስተርን ወርልድ» ሲታይ ስለ ምዕራብ አየርላንድ ባላገሮች የተጻፈው ነገር ስድብ ነው ተብሎ በአዳራሹ ሁከት ተነሣ። የጮኹት ግን የደብሊን ሰዎች ናቸው፤ የምዕራቡ ባላገር ምን እንዳለ የጠየቀው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1956 በኒው ዮርክ የተከፈተው «ማይ ፌር ሌዲ» የሚባለው ሙዚቃዊ ቴያትር ከበርናርድ ሾው ሥራ የተወሰደ ሲሆን፥ ነገሩ ሁሉ የአንዲት ድኻ ልጅ አነጋገር መለወጥ ነው፤ 2,717 ጊዜ ታይቷል። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ በልጅቱ አነጋገር ይሣቃል፤ በመጨረሻው ግን የሚያሳፍረው አስተማሪዋ ነው። ሣቁ ከታች ወደ ላይ ይዞራል። ጥሩ ደራሲ በባላገር ማሣቅ ይችላል፤ ተቺው መጠየቅ ያለበት ሣቁ የት እንደ ደረሰ ነው።

የእኛው መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» ይህን አድርጓል። በውጭ አገር የተማረ የትልቅ ወገን ወጣት ወደ ገጠር ወርዶ ከእርሱ በታች የምትባለውን ልጅ ያገባል፤ ዘመዶቹ ይቃወማሉ። አርእስቱ ከምሳሌያዊ አነጋገር የተወሰደ ነው፤ አቻ ያልሆነ ሰው ማን እንደ ሆነ ግን ቴያትሩ እየቈየ ያስለውጣል። ሣቁ በገጠሯ ልጅ ላይ አያርፍም፤ በዘር በሚመኩት ላይ ያርፋል። ይህን ቴያትር «ስለ ጋብቻ ትምህርት የሚሰጥ» ብሎ ማለፍ ግማሹን መተው ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ልጅ፥ የዲማም ተማሪ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ እንጂ ቴያትር አይደለም፤ ነገር ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርከው ወደ ቴያትር ቀርቧል። በአንድ ሰው ድምፅ ፊታውራሪው፥ ሰብለ፥ በዛብህ፥ ጉዱ ካሣ እየተለያዩ ተሰሙ። ራዲዮ ባለበት ቤት ሁሉ የዲማ ስም ተጠራ። ቢቸናና ሞጣም የራሳቸውን አገር ከአዲስ አበባ ሲነገር ለመስማት ቻሉ፤ ለመፍረድም ቻሉ ማለት ነው። ተዋናዩ አነጋገሩን ለማሣቅ ሳይሆን ሰዎቹን ለመለየት ተጠቅሞበታል፤ ልዩነቱ ይህ ነው። የባላገር አነጋገር መናቂያም መታወቂያም ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም።

የሚነሣ ተቃውሞ

እስካሁን የጻፍነውን አንብቦ «ቅኔ ቤትን ከልክ በላይ አመሰገናችሁ» የሚለን አይጠፋም። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ እኛም በሦስት ነገር እንቀበለዋለን።

አንደኛ፥ የቅኔ ቤት ዳኝነት በቅርጽና በምሥጢር ላይ ብርቱ ነው፤ ልማድን ራሱን ለሚነካ ሰው ግን ቦታው ጠባብ ነው። ለዚህ ከሐዲስ ዓለማየሁ የተሻለ ምስክር የለም። በዲማ አገር ውስጥ ልማዱን፥ ዘሩን፥ ሹመቱን የሚመረምር ሰው አስቀመጡ፤ አገሩም «ጉዱ ካሣ» ብሎ እንደ እብድ ቈጠረው። ስለዚህ ምሥራቅ ጎጃም የሒስ አገር ነው ስንል፥ ሐያሲውን እብድ ያለ አገርም መሆኑን መጽሐፉ ያሳየናል።

ሁለተኛ፥ ጉባኤው የወንዶች ጉባኤ ሆኖ ኖሯል። ዓይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እንዲህ የገነነው ሙያቸው ታላቅ ስለ ሆነ ነው፤ ከዚህም ሌላ እንደ እርሳቸው ያሉት በጣም ጥቂት ስለ ሆኑ ነው። ቴያትር ግን ሴቶች የሚጫወቱበት፥ ሴቶች የሚያዩት፥ ስለ ሴቶች የሚጻፍ ነው። ዳኛው ወንድ ብቻ ሲሆን «ጠልፎ በኪሴ» ሙሉ ፍርድ አያገኝም።

ሦስተኛ፥ ቅኔ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜም ይነገራል። ቴያትር የደራሲ፥ የአዘጋጅ፥ የተዋናይ፥ የመብራትና የሙዚቃ ሠራተኛ የጋራ ሥራ ነው፤ በየሳምንቱም ይደጋገማል። ስለዚህ በቃል ላይ ብቻ የሚፈርድ ጆሮ የቴያትርን እኩሌታ ይሰማል እንጂ ሙሉውን አያይም። ከውጭ አገር የተማርነው ሚዛን የሚጠቅመን በዚህ ላይ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተባለው ተነሥተን ለቴያትር ተቺዎች፥ ነገም ተቺ ለምንሆነው ለተማሪዎች፥ የሚከተለውን እናሳስባለን። ተቺ ሚዛኑን አስቀድሞ ይንገር፤ በትምህርቱ ይመዝን እንደ ሆነ፥ በቃሉ ወይም በድርጊቱ ይመዝን እንደ ሆነ ይታወቅ። ጽሑፉን ከአጨዋወቱ ለይቶ ይፍረድ። አዲስ ሥራ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታይ፤ አንድ ጊዜ በመክፈቻው ምሽት፥ አንድ ጊዜም እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ገንዘቡን ከፍሎ ከሚገባው ሕዝብ ጋራ። ደራሲውም በዚያው ገጽ የመመለስ ዕድል ያግኝ፤ ቅኔ ቤት ተማሪውን ነገ ተመለስ እንደሚለው። የገጠር ሰው በመድረክ ላይ በታየ ጊዜ ደግሞ፥ የዚያ አገር ሰው አይቶት ወይም ሰምቶት ምን እንዳለ ይጠየቅ።

የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁሉ ይበልጥ የጐደለን እርሱ ነው። ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ አዲስ አበባ ለትምህርት የመጣ ሰው በየኮሌጁ አለ፤ ቴያትር ያያል፥ ከጓደኞቹም ጋራ ይከራከራል፥ ክርክሩ ግን ከመኝታ ቤት አይወጣም። ይህ መጽሔት ለእንዲህ ያለው ክርክር ገጹን ቢከፍት፥ በሚመጣው ዓመት ከሚታዩት አዲስ ቴያትሮች አንዱን መርጠን ሁለት ጊዜ አይተን፥ በዚህ ባቀረብነው ሚዛን መዝነን ለማቅረብ ዝግጁዎች ነን። ሚዛኑ የጐደለው ነገር ካለም መምህራኖቻችንና ባልንጀሮቻችን በፊታችን ይንገሩን፤ አርመን እንመለሳለን።